የስሕተት ዋጋ

በለንደን ከተማ፣ ከስትራንድ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አንድ የሐራጅ አዳራሽ ውስጥ፣ አራት ቁራጭ ወረቀቶች ሲሸጡ ተመልክቻለሁ። የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ምስል ያለባቸው የፖስታ ቴምብሮች ነበሩ። በላያቸው «ቦስታ» የሚል ቃል በእጅ ማኅተም ተመትቶባቸዋል። በሦስቱ ላይ ቃሉ ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ በአራተኛው ላይ ግን ቁልቁል ተዘቅዝቋል። አጫራቹ መዶሻውን ሲያሳርፍ፣ ሦስቱ ቀጥ ያሉት በአንድነት ካወጡት ገንዘብ ይልቅ የተዘቀዘቀው ብቻውን ያወጣው በለጠ። ገንዘቡ ለዚያ ገበያ ኢምንት ነው፤ ለእኔ ግን ከሁለት ሳምንት የአስቤዛ ወጪ በላይ ነበር። ከአዳራሹ የወጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። እኛ ሰዎች የገዛ ስሕተታችንን እንደ ውርደት እየደበቅን፣ የወረቀትን ስሕተት እንደ ዕንቍ የምናከብረው ስለ ምንድን ነው?

አስቀድሜ ስለ ቴምብሮቹ ጥቂት ልበል፤ ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በ1894 በፓሪስ የታተሙ ናቸው። ቅርጻቸውን ያወጣው ፈረንሳዊው ቀራጭ ዩጂን ሙሾን ሲሆን፣ ከሩብ ግርሽ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ከአራት እስከ ዐሥራ ስድስት ግርሽ ያሉት ሦስቱ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። አገሪቱ እስከ 1908 ድረስ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፣ እነዚህ ቴምብሮች ብቻቸውን ደብዳቤን ባሕር ማሻገር አይችሉም ነበር፤ ከጅቡቲ ወዲያ ለመጓዝ የሌላ መንግሥት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ከ1901 ጀምሮ ልዩ ልዩ ቃላት በማኅተም ይመቱባቸው ጀመር፤ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት»። የሚመታው ሰው እጅ ሲደክም ወይም ዐይኑ ሲዘናጋ ማኅተሙ ይገለበጣል፤ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ይመታል።

«ቦስታ» የሚለው ቃል ራሱ ለዛሬ አንባቢ የፊደል ግድፈት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የዘመኑ ሰው ቃሉን የሚጠራው እንዲሁ ነበር። ስሕተት የሚመስል ሁሉ ስሕተት አይደለም። በ1847 የወጡት ዝነኞቹ የሞሪሸስ ቴምብሮች «ፖስት ኦፊስ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ቀራጩ «ፖስት ፔይድ» ብሎ መጻፍ ሲገባው ተሳስቶ ነው የሚል ተረት ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሮ፣ በኋላ ተመራማሪዎች ከንቱ መሆኑን አሳይተዋል። ሰው የስሕተትን ታሪክ እጅግ ከመውደዱ የተነሣ፣ ያልተሳሳተውንም ተሳስቷል ማለት ይቀናዋል።

እንግዲህ ስሕተት በገበያ ላይ ዋጋ እንዲያወጣ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው፣ አይሳሳትም ተብሎ ከሚታመን ተቋም የወጣ መሆኑ ነው። በግንቦት 1918 በዋሽንግተን ከተማ አንድ ሰው መቶ የአየር መልእክት ቴምብሮች የያዘ ሉህ በ24 ዶላር ገዛ፤ በመካከሉ የተሣለው አውሮፕላን ተገልብጦ ይበርራል። ሰውየው ያንኑ ሉህ በቀናት ውስጥ በ15,000 ዶላር ሸጠው፤ በ2023 ደግሞ ከዚያ ሉህ አንዲቱ ቴምብር ብቻዋን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። የመንግሥት ማተሚያ ቤት ባይሆን ኖሮ ስሕተቱን ማን ይጽፈው ነበር? ሁለተኛው፣ ሳይታሰብ ያመለጠ መሆኑ ነው። በምኒልክ ቴምብሮች ላይ ሐሰተኛ ማኅተም እየመቱ የሚሸጡ ብዙዎች ስለ ነበሩ፣ ዐዋቂ ገዢ የተገለበጠውን ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ገለበጠው?» ብሎ ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ ስሕተት ማታለል እንጂ ስሕተት አይባልም። ሦስተኛው ግን ነጋዴዎቹ የማያነሡት ነው፤ ማንንም ያልጎዳ መሆኑ። ያ የተገለበጠ አውሮፕላን በማንም ራስ ላይ አልወደቀም። ሰው የተጎዳበትን ስሕተት በአልበም አስገብቶ ለእንግዳ የሚያሳይ የለም።

የዚህ ዐይነቱ ስሕተት ዕጣ ሌላ ነው፤ ይሸፈናል። ስለ መሸፈን ካነበብኋቸው ታሪኮች ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ከዚያው ከቴምብር ዓለም የተገኘ ነው። በ1962 አሜሪካ፣ በቀደመው ዓመት በአውሮፕላን አደጋ ለሞቱት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ የአራት ሳንቲም ቴምብር አወጣች። በጥቂት ሉሆች ላይ ቢጫው ቀለም ተገልብጦ ታተመ። በኒው ጀርዚ የሚኖር አንድ ጌጣጌጥ ነጋዴ አምሳ ቴምብሮች ያሉበት እንዲህ ያለ ሉህ እጁ ገባ፤ ወሬውም ተሰማ። የፖስታው ሚኒስትር ጄ. ኤድዋርድ ዴይ ታዲያ ስሕተቱን ማመንና ማረም ሲቻላቸው፣ ሆን ተብሎ እንዲደገም አዘዙ። ከ40 ሚሊዮን በላይ የተሳሳቱ ቴምብሮች ታተሙ። ነጋዴው ለፍርድ ቤት አቤት ቢልም ኅትመቱን ማስቀረት አልቻለም። የሚኒስትሩ ክርክር ከንቱ አልነበረም፤ የሕዝብ ፖስታ ቤት የዕድል ሎተሪ መሆን የለበትም የሚል ነበርና። ውጤቱ ግን ይህ ሆነ፦ ስሕተቱ የሁሉ ሲሆን የማንም መሆኑ ቀረ። የመጀመሪያው ሉህ ከብዙኃኑ ተለይቶ እንዳይታይ ተደረገ።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር የእኔ ትውልድ ይታወሰኛል። ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ በየአገሩ የተበተንን ሰዎች ለሙታን መታሰቢያ ስንሰበሰብ፣ ሻማ አብርተን፣ ስም ጠርተን፣ በመጨረሻ አንዱ ይነሣና «ሁላችንም ተሳስተናል» ይላል። ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ዐረፍተ ነገሩ ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ የሚሠራው ሥራ ግን የዚያ ማተሚያ ሥራ ነው። አርባ ሚሊዮን ቅጂ ያወጣና፣ እያንዳንዳችን በእጃችን የያዝናትን አንዲቱን ሉህ ከመካከል ይሰውርልናል። «ከሰው ስሕተት ከብረት ዝገት አይጠፋም» የሚለውን የአባቶች ቃልም ለዚሁ ጉዳይ እንጠቀምበታለን። ተረቱ ሰውን ይቅር ለማለት የተነገረ ነው፤ እኛ ግን ለራሳችን እንጠቅሰዋለን።

የእኔ ሉህ ይህ ነው። በ1977 በአዲስ አበባ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የጥናት ክበብ ውስጥ ነበርሁ። ከመካከላችን አንዱ፣ አብሮ አደጌ፣ ደም መፋሰሱ ወዴት እንደሚያደርሰን ጠየቀ። «ወላዋይ ነው» ተባለ፤ ከክበቡ ይወገድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እጅ አውጡ ተባልን። አወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሚያስጠጋው፣ ወሬ የሚያቀብለው ሰው አጣ፤ በሁለተኛው ወር ከቤቱ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። እጄ በሞቱ ምን ያህል ድርሻ እንዳላት የሚነግረኝ የለም። ያወጣኋት መሆኔን ግን ዐውቃለሁ። ታላቅ እኅቱ እዚሁ ለንደን ትኖራለች። ለብዙ ዓመታት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባገኘኋት ቁጥር «ዘመኑ ክፉ ነበር፣ እትዬ» እላት ነበር። እውነት ነው፣ ክፉ ነበር። ነገር ግን እጅ ያወጣው ዘመኑ አልነበረም።

በዩስተን ጎዳና የሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ነገሮችን ባንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። አንደኛው ቶማስ ታፕሊንግ በ1891 ሲሞት በኑዛዜ ያወረሰው የቴምብር ስብስብ ነው፤ እነዚያ የሞሪሸስ ቴምብሮችም ይገኙበታል። ሁለተኛው በ1868 ከመቅደላ በወታደር ተዘርፈው የመጡት የብራና መጻሕፍታችን ናቸው። በ2018 ቤተ መጻሕፍቱ የኢትዮጵያን ብራናዎች ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ሄጄ ነበር። የአባቶቻችን ጸሐፊዎች ስሕተትን የሚያርሙበት ሥርዓት ያን ጊዜ ነው በቅጡ የገባኝ። ጥቂት ፊደል ሲሳሳት ብራናውን በቢላ ይፍቃል፤ ፍቁ ግን ለዐይን ይታወቃል። መሥመር ዘልሎ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የዘለለውን ቃል በገጹ ራስጌ ባዶ ቦታ ላይ ይጽፍና፣ መግባት በሚገባው ስፍራ ላይ አንዲት ምልክት ያኖራል። አንባቢው እዚያ ሲደርስ ዐይኑን ወደ ላይ ያነሣል፤ የጎደለውን ያነብባል፤ ተመልሶ ይወርዳል። ብራናው ውድ ስለሆነ ገጹ አይጣልም። እርማቱ ንባቡን ያቃናል፤ ስሕተቱ እንደ ነበረም አይክድም። ለዚህ ብሎ አንድ ሳንቲም የሚጨምር ገዢ የለም፤ የሚጠቅመው ለሚያነብበው ሰው ነው።

ያን ዕለት ያወቅሁት ይህን ነው። ስሕተትን መሸጥም፣ መሸፈንም፣ አብዝቶ ለሁሉ ማከፋፈልም ስሕተቱን ከስፍራው ያነሡታል። ጸሐፊው ግን በስፍራው ላይ ምልክት ያኖርበታል። ይህ ሥራ ጸጸት ከምንለውም የተለየ ነው። ጸጸት ብቻውን ቢሆን የጸጸተኛው ንብረት ነው፤ እንደ ሰብሳቢ ማታ ማታ አውጥቶ ያየውና መልሶ ይቆልፍበታል። እኔም ዐርባ ዓመት እንዲህ ሳደርግ ኖሬአለሁ። የጎደለውን መሥመር ማንበብ የሚገባት ግን ሌላ ሰው ነበረች።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ወደ እኅቱ ቤት ሄድሁ። ቡና አፍልታ ነበር። ስለ ዘመኑ አንድም ቃል ሳልናገር፣ ቀኑን፣ ቤቱን፣ የቀረበውን ሐሳብ ነገርኋት፤ «እጄን አወጣሁ» አልኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሁለተኛውን ቀዳች።

«እኔ ዐውቀው ነበር» አለችኝ። «አንተ እንደምታውቀው ግን አላውቅም ነበር።»

ይቅር ማለቷን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ወንድሟ በዚያ ስብሰባ የተናገረውን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ የማስታውሰውን ያህል፣ በራሱ ቃል እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ስጨርስ እንደገና እንድነግራት ጠየቀችኝ።