ጡሩምባው ማታ ተነፋ

ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሳይተካባቸው በፊት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር አሉ። አንድ ክረምት ቋጥኝ ተንከባሎ በመንገዱ መጨረሻ ያለውን ቦይ ደፈነው፤ ጎርፉም ወደ ኋላ እየተመለሰ የአንዲት ባልቴት ግቢ ይሞላ ጀመር።

ድንጋይ የሚሰብሩ ጎረምሶች ኮምፕሬሰር በጋሪ ጭነው መጡ። አለቃቸው ገና አስፋልቱ ላይ ሳለ፣ «አይዞዎት እማማ፣ እኛ ከደረስን ድንጋዩ አለቀለት» አላቸው። ዋሸ አይባልም፤ መስበሩን ያውቁበታል። አራተኛው ቤት ላይ ጋሪው ተቀረቀረ። «ሆ!» ብለው ገፉት። ልስኑ ከነጭዱ ተገሽልጦ ወረደና የግድግዳው ማገር ታየ። ባለቤቱ ጮኸ፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ እየሮጠ ወጣ፤ ድሮም የጠበበው መንገድ በሰውና በሙግት ተዘጋ። እነሱ በገፉ ቁጥር ሰፈሩ ይብስ ጠበበ። ሲመሽ ጋሪውን ጎትተው ተመለሱ። ቋጥኙን በዓይናቸው እንኳ አላዩትም።

ባልቴቷ የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ አስጠሩት።

«ልጄ፣ ዛሬ ማታ ንፋልኝ።»

«ምነው እማማ፣ ማን አረፈ?»

«ማንም። ነገ ጋሪ ያልፋል።»

ማታ ጡሩምባው ሲነፋ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየተደናገጠ ወጣ። «የሞተ የለም! ነገ ጠዋት ጋሪ ያልፋል፤ የደጃችሁን ዕቃ አስገቡ!» አለ ሰውየው። የተሳደበ አልጠፋም። ቢሆንም ፍልጡ፣ ጀሪካኑ፣ የከሰሉ ማዳበሪያ፣ በገመድ የተሰጣው ልብስ፣ ወደ መንገዱ የሾለው ቆርቆሮ ሁሉ ሌሊቱን ተነሣ። ሲነጋ ግድግዳው አንዲት ስንዝር ፈቀቅ አላለም፤ ጋሪው ግን አለፈ። ቋጥኙ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ደቀቀ።

እንግዲህ ይህ ነገር የኩላሊት ጠጠር ያለበትን ሰው ይመለከታል። ዛሬ ሆድ ሳይከፈት፣ በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን ካሜራ ገብቶ ጠጠሩን በሌዘር ያደቀዋል። ሌዘሩን ሁሉም ያደንቃል፤ ስለ መንገዱ የሚጠይቅ ግን የለም። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው። ካሜራው እንዲመላለስበት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገባው መከተቻ ውጫዊ ውፍረቱ 4.7 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። ቱቦው ደግሞ ጡንቻ ነው፤ ሲነኩት ይኮማተራል። ትራክሰርና ቶማስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ይህን መከተቻ የተጠቀሙ 359 ታካሚዎችን ተመልክተው፣ በ46.5 በመቶዎቹ ቱቦ ላይ ጉዳት አገኙ፤ በ13.3 በመቶው ጉዳቱ እስከ ጡንቻው የዘለቀ ነበር።

ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው ቀናት ቀደም ብለው ታምሱሎሲን ወይም ሲሎዶሲን ያዝዛሉ። መድኃኒቱ ጠጠሩን አያሟሟም። ጡንቻውን ጨምድድ የሚለውን የነርቭ መልእክት ብቻ ይዘጋል። በደቡብ ኮሪያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ቀድመው በወሰዱት ላይ መከተቻውን ለማስገባት የሚያስፈልገው ግፊት መቀነሱን አሳይቷል።

ጭቅጭቁ የሚነሣው መድኃኒት ቤት ነው። ክኒኑ በዋናነት የሚታወቀው በፕሮስቴት ሕክምና ነውና፣ አንዲት ሴት «ይኼ የወንዶች አይደለም እንዴ?» ብላ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቤቷ ብትመለስ አልፈርድባትም። የሚፈረደው ለምን እንደታዘዘ በሁለት ዓረፍተ ነገር ባላስረዳት ሰው ላይ ነው። ያ ጡንቻ በሴትም በወንድም ቱቦ ውስጥ አለ። መድኃኒቱ ከተቀመጡበት ድንገት ሲነሡ ሊያዞር ይችላል፤ ወንዶች ላይ በግንኙነት ጊዜ ዘሩ ወደ ኋላ ወደ ፊኛ ሊመለስ ይችላል፤ የዓይን ሞራ ለማስወገድ ቀጠሮ ያለው ሰውም ለዓይን ሐኪሙ መናገር አለበት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሽንቱ ተመርምሮ ተህዋስ ከተገኘበት ፀረ ተህዋስ ይቀድማል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም አስቀድሞ ይናገር እንጂ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

ክኒኑ ተወስዶም ቱቦው እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። አስተዋይ ሐኪም ያኔ አይገፋም፤ ስቴንት የሚባል ቀጭን ለስላሳ ቱቦ አስቀምጦ ይወጣና ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳል። ከውጭ የሚጠብቀው ቤተሰብ ጠጠሩ እዚያው እንዳለ ሲሰማ «ታዲያ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ይላል። መልሱ እዚያው የ2013ቱ ጥናት ውስጥ አለ፤ አስቀድሞ ስቴንት የገባላቸው ሰዎች ከባዱ ጉዳት የሚደርስባቸው ዕድል ካልገባላቸው በሰባት እጥፍ ያነሰ ነበር።