ሁለቱ ነገረ ፈጆች

በሰሜን ሸዋ፣ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ገበያ በሚወጡበት ዘመን፣ በአንደበታቸው እንጀራ የሚበሉ ሁለት ነገረ ፈጆች ነበሩ። ያኔ ሙግት በወረቀት አልነበረም። ባላጋራዎች ዳኛ ፊት ቆመው፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስ፣ ግጥም እየደረደሩ፣ በፈረስ በማር እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። ዳኛ ቢጠፋ እንኳ መንገደኛ ሽማግሌ በንጉሥ ስም ተይዞ "ዳኘን" ይባላል። አፉ የማይፈታለት ሰው ደግሞ አፍ ያለውን ይቀጥራል።

አንደኛው ነገረ ፈጅ ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ ብቅ ሲል ገበያተኛው ሸቀጡን ጥሎ ይከበዋል። ድምፁ ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል ይባላል፤ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ደንበኛው "ነገሩ እንዲህ ነው" ብሎ ሲጀምር "ተወው፣ እኔ አውቅበታለሁ" ይለዋል። ለርስት አንድ፣ ለብድር አንድ፣ ለፍቺ አንድ ግጥም አለው። የአባትና የአገር ስም እየለዋወጠ ያንኑ ያወርደዋል።

ሁለተኛው ድምፁ ቀጭን ነው፤ ግጥም ቢገጥምም የሚያስጨበጭብ አይደለም። ክፉ አመሉ መጠየቅ ነው። የድንበር ነገር ከሆነ ከሙግቱ በፊት ማሳው ድረስ ይሄዳል፣ እረኞቹን "ከብት የት ድረስ ትነዳላችሁ?" ይላል፣ ከባላጋራው ወገን ሽማግሌዎች ጋር ሳይቀር ጠላ ይጠጣል። የገዛ ደንበኛውንም እንደ ባላጋራ ጠምዶ ይይዘዋል። ብዙ ሰው በዚህ ተማሮ ጥሎት ሄዷል።

አንድ ቀን አንድ ባለጠጋ ጎረቤቱን ሊከስ ወደ እሱ መጣና ማሳው ድረስ ወሰደው። ነገረ ፈጁ የድንበሩን ድንጋይ በሁለት እጁ ገለበጠው። ከሥሩ ያለው ሣር ተደፍጥጧል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ግን ገና አልሞተም።

"ጌታው፣ ይህ ድንጋይ እዚህ ክረምት አላሳለፈም።"

"አንተን የቀጠርኩህ ድንጋይ እንድታገላብጥ ነው? ተናገርልኝ እንጂ!"

"ይህን ነገር አልይዝልዎትም። ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

ባለጠጋው እየተራገመ ወደ ባለ ድምፁ ሄደ። ባለ ድምፁም የርስት ግጥሙን አወረደው፤ ሴቶች እልል አሉ፤ ጎረቤትየው ተረታ፤ ነገረ ፈጁም በቅሎ ተሸለመ። ፍርድ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ተረት ስለሆነ ብዬ ላስተካክለው አልፈልግም።

ብዙም ሳይቆይ በዚያው ገበያ ባለ ድምፁ ለሌላ ሰው ቆመ። ይኸኛው ደንበኛ ርስቱን የተነጠቀ ምስኪን ነው። ዘንጉን ወርውሮ ቀለበና "በአያቱ ያልታረሰ" ብሎ ያንኑ ግጥም ጀመረ። ገና ስንኙን ሳይጨርስ፣ ከሰዉ መሃል አንድ ጎረምሳ ቤት መድፊያውን ቀደመው። ሕዝቡ ሳቀ። ሁለተኛውን ስንኝ ሲጀምር ብዙዎች አብረው ደፉለት። ዳኛው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ምስኪኑ ደንበኛ፣ እውነት በእጁ ሳለ፣ የተወራረደበትን ማር ከፍሎ ሄደ። ባለ ድምፁ ከዚያ ወዲህ የማያውቁትን ገበያ ፍለጋ ራቅ ራቅ እያለ መጓዝ ግድ ሆነበት።

ባለጠጋውስ? ብር አበድሮት የካደውን ሰው ሊከስ ሲነሳ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ሄደ። "ያኔ መልሰኸኛል፣ አሁን ያዝልኝ" አለው። ነገረ ፈጁ ያለፈውን አላነሳም፤ "ገንዘቡን ሲቆጥሩለት ማን ነበር?" ብሎ ጀመረ። በችሎቱ ዕለት ብድግ ሲል ዳኛው ገና ቃል ሳይወጣው ጆሮ ሰጡት፤ ባዶ ነገር ይዞ እንደማይቆም አገር ያውቅ ነበርና። ሙግቱ አጭር ነበር፤ ጭብጨባም አልነበረበትም።

ዛሬ በየሆቴሉ አዳራሽ ስለ ስኬት በክፍያ የሚናገሩትን ስሰማ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ለባንክ ሠራተኞች የተነገረው ቀልድ በሳምንቱ ለነርሶች ሲነገር ሰምቻለሁ። ጥሩ ቀልድ ነው። አሁን ግን ቪዲዮው ከተናጋሪው ቀድሞ አዳራሽ ይገባል።

ወደ ነገረ ፈጆቹ ልመለስ። ዘመኑ አለፈ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሾመው አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ነገረ ፈጅ ገና ጎልማሳ ነበር፤ ይግባኝ ባዮችን ተከትሎ አዲስ አበባ ይመላለስ ጀመር። ጣሊያን በ1928 ገባ፣ ወጣ። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በ1958 የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ታወጀ። ክስ በጽሑፍ ሆነ፤ ዘንግ መወርወርም በፍርድ ቤት ቀረ። ያኔ የአፍ ሥራ አከተመለት ተባለ። ሽማግሌው ግን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከራፖር ጸሐፊው ጎን አንዲት ዱካ አስቀመጠ። ባለጉዳዩ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ቁጭ ይላል፣ ይጠየቃል፣ ይናደዳል፣ የረሳውን ያስታውሳል፤ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ያልፋል። ጸሐፊው ለአንድ ማመልከቻ ስሙኒ ሲያስከፍል ሽማግሌው ብር ይቀበል ነበር፤ የሚረዝመውም የእሱ ተራ ነው።