በአሸባሪ ይሳቃል?

ላሊበላ ጠጅ ቤት ጎራ ያለ ያውቀዋል፤ አዝማሪው የሚኮፈሰውን ሰውዬ በግጥም ወጋ ሲያደርገው ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ የተነፋውም ይተነፍሳል።

እንግሊዛዊው ክሪስ ሞሪስ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ፎር ላየንስ» ፊልም አሸባሪዎችን እንዲሁ አድርጓቸዋል። አንዱ ፈንጂ ተሸክሞ ሲሮጥ ይደናቀፍና ራሱንና አንድ በግ ይገድላል። የላስታ ገበሬ ቢያየው በሰውዬው ስቆ ለበጉ የሚያዝን ይመስለኛል።

ታዲያ በ2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ልጇን ከገደለባት እናት አጠገብ ተቀምጬ ይህን ፊልም አያለሁ? አላየውም። ፊልሙን ግን ነውር ነው አልልም። አሸባሪ የሚኖረው በፍርሃታችን ነው፤ ቂልነቱ ሲታይ ግርማው ይገፈፋል። ጥያቄው «በማን ተሳቀ?» ነው። ደህና አዝማሪ ትዕቢተኛውን ይወጋል እንጂ ሐዘንተኛውን አይነካም።