ባሕታዊና ባይተዋር

ብቻን ስለ መኖር የሚነገሩ ሦስት ቃላት በአማርኛ አሉ፤ ሦስቱም ከአንድ ደጃፍ የሚነሡ ቢመስሉም የሚያደርሱት ወደ ተለያየ ስፍራ ነው። ብሕትውና ሰው ወዶና ፈቅዶ ከሰው የሚለይበት ኑሮ ነው፤ ባሕታዊው ከዋሻው ውስጥ ሆኖ ጎደለኝ አይልም። ብቸኝነት የሚፈልጉትን ሰው ከማጣት የሚመጣ ስሜት ነው። ባይተዋርነት ግን ከሁለቱ የከፋ ነው፤ ሰው በሰው መካከል ተቀምጦ፣ ከማዕዱም እየቆረሰ፣ ጨዋታው የእርሱ አለመሆኑን ሲያውቅ የሚሰማው እንግድነት ነው። ከውጭ ቆሞ ለሚመለከት ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው፤ የሚታየው ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በዕድሜ ሲገፉ ስለሚኖሩት ኑሮ የሚነሣው የሞራል ጥያቄ መነሻው ይኸው ነው። ለብዙ ዘመን ባለቤቶቹ አልተጠየቁም፤ መልሱ አስቀድሞ በስማቸው ላይ ተጽፎ ነበርና። ኦቲዝም የሚለው ቃል "ራስ" የሚል ፍች ካለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ከገሃዱ ዓለም ርቀው በራሳቸው ውስጥ የተከተቱ ሕሙማንን ለመግለጽ የፈጠሩት ነው። በ1943 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሊዮ ካነር የ11 ሕፃናትን ታሪክ ሲያሳትሙ ይህንኑ ቃል ወሰዱ፤ ከዘረዘሯቸው ጠባዮችም ዋነኛውን ስፍራ የሰጡት ለብቻ የመሆንን ዝንባሌ ነበር። ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለውን ሰው "ብቸኝነት ይሰማሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ዓሣን ውሃው አይበርድህም ወይ እንደ ማለት ተቆጠረ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1980 ባወጣው መመሪያ ለጠባዩ የራሱን ስፍራ ሲሰጠው "የሕፃንነት ኦቲዝም" ብሎ ሰየመው። ሕፃኑ እንደሚያድግ፣ ያደገውም እንደሚሸመግል የሚያስታውስ ነገር በስሙ ውስጥ አልነበረም።

ከ11ዱ ሕፃናት በካነር ጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰው ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። በ1933 በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ የእናቱም ቤተሰብ የከተማው ባንክ መሥራች ነበር። ልጁ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው በሐኪሞች ምክር ከቤት ርቆ ሕፃናት ወደሚጠበቁበት ተቋም ተላከ፤ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ወላጆቹ አስወጡት። በ1938 ካነር ዘንድ ከመቅረቡ በፊት አባትዬው ስለ ልጃቸው 33 ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በዚያ ደብዳቤ ልጁ ከሁሉ ይበልጥ ደስ የሚለው ብቻውን ሲተዉት እንደ ሆነ ተገልጿል። አባት የጻፉት ያዩትን ነው፤ በሐሰት የሚከሳቸው የለም።

ይኸው ልጅ ጎረምሳ ሳለ ስለ እርሱ አንድ ወሬ ተናፈሰ። የትምህርት ቤት ልጆች የአንድን ሕንፃ ግድግዳ አሳይተው ስንት ጡብ እንዳለው ቢጠይቁት፣ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ተመልክቶ ቁጥሩን ተናገረ ይባላል። ልጆቹ ተደንቀው ለሌላው አወሩ፤ ነገሩም በከተማው ለብዙ ዓመታት ሲተረክ ኖረ። ጆን ዶንቫንና ካረን ዙከር የተባሉት ጋዜጠኞች በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ይህ ነገር እውነት እንደ ሆነ ሽማግሌውን ዶናልድን ጠይቀዋቸው ነበር። ሽማግሌው ጡቡን እንዳልቆጠሩት፣ ቁጥሩንም እንዲያው ከልባቸው አፍልቀው እንደ ተናገሩት አመኑ። ለምን? ቢባሉ፣ እነዚያ ልጆች ስለ እሳቸው መልካም ነገር እንዲያስቡ ፈልገው እንደ ነበር መለሱ።

ይህች አጭር መልስ በስሙ ላይ ተጽፎ ለኖረው ፍርድ ይግባኝ ናት። ራሱን በራሱ ውስጥ የዘጋ ሰው ምሳሌ ተደርጎ በሕክምና ታሪክ የተመዘገበው ልጅ፣ በእኩዮቹ ዘንድ ለመወደድ ሲል የጡብ ቁጥር ፈጥሯል። ፍላጎቱ ነበረው፤ የጎደለው መንገዱ ነበር። ምስጢሩ የታወቀው ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ ነው።

የአቶ ዶናልድ ሽምግልና የሚያስቀና ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በልጅነታቸው ጥቂት ዓመታት በአንድ ገበሬና በሚስቱ ቤት አድገዋል። ገበሬው ልጁን ከመቁጠርና ከመለካት አባዜው ለማስጣል አልታገለም፤ የጉድጓዱን ጥልቀት አስለካው፤ የበቆሎውን ትልም እየቆጠረም እንዲያርስ ተወው። ኋላ ኮሌጅ ገብተው በ1958 ተመረቁ፤ በከተማው ባንክም ሠሩ፤ መኪና መንዳት ተማሩ፤ ከ30 በላይ የውጭ አገሮችን ብቻቸውን ዞረው ጎበኙ። በእርጅናቸው ጧት ከጓደኞቻቸው ጋር ቡና መጠጣት፣ ከሰዓት በኋላ የጎልፍ ጨዋታ የማይታጎል ልማዳቸው ነበር። ለሚያውቋቸው ሰዎች ቁጥር ይሰጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ ሲያገኟቸውም ቁጥራቸውን አይስቱም። ለሌላው እንግዳ የሚመስለው ይህ ልማድ ለፎረስት ነዋሪዎች እንደ ሰላምታ ነበር። እነዚያ ጋዜጠኞች ወደ ከተማይቱ በመጡ ጊዜም ሰውየውን ለመጉዳት የመጣችሁ እንደ ሆነ ዋ! የሚል ማስጠንቀቂያ ከአንድም ሁለት ሦስት ሰው ደርሷቸዋል።

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ እንደ ተረት አጣፍጦ መተረክ አይገባም። ካነር በ1971 የ11ዱን ልጆች ፍጻሜ ተከታትለው ሲጽፉ፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በተቋም ተዘግተው ያሳለፉት አራቱ ገና እንደ ገቡ ብርሃናቸው እንደ ደበዘዘ ገልጸዋል። ዶናልድም አንድ ዓመት የቀመሱት ዕጣ ይህ ነበር። ያወጧቸው ወላጆች ገንዘብ፣ ስምና ባንክ ነበራቸው። በዚያው ዘመን በዚያው በሚሲሲፒ ጥቁሮች በሕግ ተለይተው፣ ትምህርት ቤታቸውም ሆስፒታላቸውም ሌላ ሆኖ ይኖሩ ነበር፤ ጡብ የሚቆጥር የጥቁር ገበሬ ልጅ ምን ይገጥመው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የፎረስት ነዋሪዎች ደግነት እውነተኛ ቢሆንም በዋጋ የተገዛ ክፍልም ነበረው። ፍትሕ ከደግነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ደግነት ለሚያውቁት ሰው ይበቃል፤ ለማይታወቀው ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

በሌላው ወገን ደግሞ ብቻውን የሚኖረውን ሁሉ እንደ ተጎዳ መቁጠር ያው የመጀመሪያው ስሕተት ተገልብጦ ነው። በ1947 የተወለዱት የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲን አላገቡም፤ አለማግባታቸውንም እንደ ጉድለት አያዩትም፤ ሥራቸው ኑሮዬ ነው ይላሉ። ነገር ግን በልጅነታቸው መታቀፍን ይመኙ እንደ ነበር፣ ሰው ሲያቅፋቸው ግን ስሜቱ እንደ ደራሽ ውሃ ስለሚያጥለቀልቃቸው ይሸሹ እንደ ነበር ጽፈዋል። በወጣትነታቸውም ከብቶች ሲከተቡ ጎንና ጎናቸውን ጨብጦ የሚይዘውን መሣሪያ አይተው፣ በዚያው አምሳል ለራሳቸው የሚያቅፍ ማሽን ሠሩ፤ ጥብቀቱንም ላቅ ዝቅ የሚያደርጉት ራሳቸው ነበሩ። እኚህን ሴት ባሕታዊት ማለት ይቻላል? ወይስ ባይተዋር? የሰው ቋንቋ ለሁለት ከፍሎ ያስቀመጠው ነገር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብሮ ሊያድር ይችላል። መቀራረብን መሻትና መቀራረብን መቻል አንድ አይደሉምና።

ጉድለቱ የማን ነው የሚለውንም ጥያቄ አዲስ ያደረገው ከራሳቸው ወገን የወጣ ሰው ነው። እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዴምያን ሚልተን፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው፣ በ2012 ባቀረቡት ሐሳብ አለመግባባት ሁልጊዜ የሁለት ወገን ነው አሉ፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላውን ልብ ማንበብ የሚያቅተውን ያህል፣ ሌላውም የእርሱን ማንበብ ያቅተዋል። ልዩነቱ አንደኛው ወገን ብዙ ሆኖ ቋንቋውን፣ ልማዱንና ጨዋነቱን ሕግ አድርጎ ማውጣቱ ነው። ባይተዋርነት ከሰውየው ጠባይ ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ሰውየውን ማረም በሆነ ነበር፤ ከሁለቱ መካከል የሚፈጠር ከሆነ ግን ግማሹ ዕዳ የሌላው ነው።

እርጅና ይህን ዕዳ ያከብደዋል። የሰውየውን ነገር ለዓለም ሲተረጉሙ የኖሩት እናት ወይም አባት ይሞታሉ። ቀኑን እንደ ምሰሶ ደግፎ የያዘው ሥራ በጡረታ ያበቃል። ጉልበት ሲደክም ከለመዱት ቤት ወጥቶ ወደ አረጋውያን መጦሪያ መግባት ይመጣል፤ በምዕራቡ ዓለም ያለው የመጦሪያ ሥርዓትም ብቸኝነትን ለማጥፋት የታቀደው በአብዛኛው ለሌላ ሰው ነው። በጋራ ይበላል፤ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ሠራተኞች በየፈረቃው ይለዋወጣሉ፤ የማይታወቅ እጅ ሳያስታውቅ ይነካል። ሌላውን አረጋዊ የሚያጽናናው ድምፅ እኚህን አረጋዊ የሚያሳድድ ይሆናል። በዚያ መካከል በራቸውን ዘግተው ቢቀመጡ፣ መዝገቡ ላይ ከሰው ጋር አይስማሙም ተብሎ ይጻፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮን ጥራት ለመመዘን ያዘጋጀው አጭሩ መጠይቅ 26 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ አካል ጤና፣ ስለ መንፈስ፣ ስለ ማኅበራዊ ግንኙነትና ስለ አካባቢ ይጠይቃል። ጓደኞችህ ስንት ናቸው ሳይሆን ባለህ ግንኙነት ምን ያህል ረክተሃል ማለቱ የሚመሰገን ነው። ቢሆንም የጎደለው ነበር። የእንግሊዝ የኒውካስል ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች አማክረው በ2018 ባሳተሙት ጥናት 9 ጥያቄዎችን ጨመሩበት፤ ከነዚህም መካከል በአካባቢው ያለው ድምፅ፣ ብርሃንና የመሳሰለው ኑሮን ያውክ እንደ ሆነ፣ ሰውየውም ኦቲዝሙን የማንነቱ ክፍል አድርጎ ተቀብሎት እንደ ሆነ የሚጠይቁት ይገኛሉ። ሚዛኑን ለማስተካከል የተመዛኙ ምክር አስፈልጓል።

ደግሞም ለመመዘን እንኳ ስማቸው ያልተጠራ አሉ። በ2023 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 50 ዓመት ካለፈና ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ከ10 ውስጥ 9ኙ ሳይታወቅላቸው የሚኖሩ እንደሚሆኑ ገምቷል። በስድሳ ዓመቱ ስሙን የሰማ ሰው ያለፈውን ዘመኑን ሁሉ እንደ ገና ያነበዋል፤ እፎይታ አለው፤ ቁጭትም አለው። ያን ሁሉ ዓመት ሰው መስሎ ለመታየት ሲደክም የኖረው፣ ከሰው ጋር ሲሆንም ይበልጥ ብቻውን የነበረው ለምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

በኢትዮጵያም እንዲህ ያሉ አረጋውያን የሉም ለማለት ምክንያት የለም። ዝምተኛ፣ የዋህ፣ ከሰው የማይገጥም እየተባሉ አርጅተዋል፤ አንዳንዶቹ ከጓዳ ተደብቀው፣ አንዳንዶቹም በመንደራቸው እረኛም ደዋይም ሆነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚል ሕዝብ፣ መድኃኒቱን የሚያቀርበው ግን ባንድ መልክ ነው፤ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጭሱ እየጨሰ፣ ወሬው እየተሟሟቀ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ በመቀመጥ። ያ ሁሉ ድምፅና ሽታ ለሚከብደው ሰው ከበር ውጭ ስኒ ይዞ መቀመጥ እንደ ኩራት ይቆጠራል። ቋንቋውም ይመሰክራል። ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ እኩዮቹ አንቱ ሲባሉ፣ እርሱ በዚህ ጠባዩ ምክንያት አንተ እንደ ተባለ ይሞታል። የሕፃንነት ኦቲዝም የሚለው ስም በሐኪሞች መዝገብ ከተፋቀ ቆይቷል፤ በአንቱታው ላይ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን አቋቋሙ፤ በአገሪቱም የመጀመሪያው ነው። በዚያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ሁሉ ዛሬ ጎልማሳ ነው። መሥራቿ በ2021 ዐረፉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጆች አዘውትረው የሚያነሡት ጥያቄ፣ ማለትም "ከእኔ በኋላ ማን?" የሚለው፣ ለትምህርት ቤት የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም፤ ለእድሩ፣ ለጎረቤቱና ለቀበሌው የሚቀርብ ነው። የአቶ ዶናልድ ወላጆች ለልጃቸው መተዳደሪያ የሚሆን ገንዘብ በአደራ አስቀምጠው በ1980ዎቹ ዓመታት አለፉ። እሳቸውም በዚያው ቤት ከ30 ዓመት በላይ ኖረው በ2023፣ በ89 ዓመታቸው ሞቱ። አደራው ለቤቱና ለምግቡ ይበቃ ነበር። ጧት ጧት ለቡና የሚጠብቋቸው ሰዎች ግን በአደራው ሰነድ ውስጥ አልተጻፉም፤ ቁጥር ሰጥተው የያዟቸው እሳቸው ነበሩ።