ታማኝ ሰው ሒሳብ ይጠየቃልን?

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል አባባል አለ። ብዙዎቻችን እየሳቅን እንናገረዋለን። ሳቁን ትተን ስንመረምረው ግን፣ የሕዝብ ገንዘብ የሹሙ ገበታ ነው ብለን የተስማማንበት ቃል ሆኖ እናገኘዋለን። በጀት ማለት የልጆቻችሁ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ፣ የእናቶቻችሁ መድኃኒት፣ የመንደራችሁ የቧንቧ ውኃ ነው። ስለዚህ «የክልላችን መንግሥት ምን ያህል ተቀበለ? ምን ላይስ አዋለው?» ብሎ መጠየቅ የፖለቲከኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአማና ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶች «ኃላፊው ታማኝ ከሆነ ሒሳብ ለምን ይጠየቃል? ይህስ ሰውን በክፉ መጠርጠር አይሆንምን?» ይላሉ። ኢስላም ያለ ማስረጃ መጠርጠርን ስለሚከለክል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከዚያው ከኢስላም ይገኛል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው ነው፤ የሚናገረውም ብድር በጽሑፍ እንዲሰፍርና ምስክር እንዲቆምበት ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ለሌቦች ሳይሆን ላመኑ ሰዎች ነው። የሁለት ሰዎች ብድር መጻፍ ካለበት፣ የሚሊዮኖች ገንዘብ እንዴት ተደብቆ ይኖራል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለውን ሰው የበኑ ሱለይምን ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ሲመለስ ከፊሉን አስረክቦ ከፊሉን ለራሱ የተሰጠው ስጦታ መሆኑን ተናገረ። ነቢዩም በወላጆቹ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገሩንም በሕዝብ ፊት ቆመው አስረዱ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ) ሹም ሲሾሙ ሀብቱን አስቀድመው ይመዘግቡ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በሶሐቦች ዘመን ነውር ያልሆነ ነገር በእኛ ዘመን እንዴት ነውር ይሆናል? እንዲያውም መዝገቡ የሚጠቅመው ታማኙን ነው። ሐሜት ሲነሳ የሚመሰክርለት እርሱ ነውና።

የግልጽነትን ፍሬ በኡጋንዳ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው የተማሪዎች ድጎማ በአማካይ 13 ከመቶው ብቻ ትምህርት ቤት መድረሱን በ250 ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ጥናት አረጋገጠ። ቀሪው በየመንገዱ ቀረ። ከዚያ በኋላ መንግሥት በየወሩ የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣትና በትምህርት ቤቶች ሰሌዳ ላይ ማስለጠፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 ከመቶ በላይ ሆነ። ሌሎች ማሻሻያዎችም አግዘዋል፤ ቢሆንም የሚደርሰውን መጠን የሚያውቅ ወላጅ የሚጠይቀውን ያውቃል።

በእኛም አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ደንግጓል። ክልሎች ከራሳቸው ግብር በተጨማሪ የፌዴራል ድጎማ ይቀበላሉ፤ ምክር ቤቶቻቸው በጀት ያጸድቃሉ፤ ኦዲተሮቻቸው ይመረምራሉ። ሆኖም «ያልተወራረደ ሒሳብ» የሚለው ቃል ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ደግሞ ጥፋት ሁሉ ስርቆት አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል፣ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ብቻ ዕቃ ቢገዛ፣ ደረሰኙ ትክክል ቢሆንም ነገሩ ኢስራፍ ነው። ይህን ደረሰኝ የሚቆጥር ብቻ አያገኘውም፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቅ ነዋሪ ግን ያገኘዋል።

በሌላ በኩል ቁጥጥር ሲበዛም ይጎዳል። አሥር ፊርማ የሚጠብቅ መድኃኒት በሽተኛው ከሞተ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ የምንፈልገው ሥራን የሚያስር ሰንሰለት ሳይሆን ሥራን የሚያሳይ ብርሃን ነው። በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ በጀትም ነዋሪው በማይረዳው ቋንቋ ከተጻፈ ከተዘጋ በር አይለይም።

ውድ ወላጆች! የወረዳችሁ በጀት በሰሌዳ ሲለጠፍ ቆም ብላችሁ አንብቡት፤ ማንበብ ለሚችሉ ልጆቻችሁም አስነብቧቸው። ያልገባችሁን በአደብ ጠይቁ። የመስጂዱንና የእድሩን ሒሳብም በዚያው ሚዛን ተሳሰቡ፤ ከሹሙ የምንጠይቀውን እኛው ልንፈጽመው ይገባልና። ነገ በሒሳብ ቀን ሁላችንም እንጠየቃለን። ለዚያ ቀን የሚዘጋጅ ሰው ዛሬ መዝገቡን ለመግለጥ አይከብደውም። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።