ዋጋው ተመልሶ ዕዳው ሲቀር

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰቀለውን ነጠላና ቀሚስ የሚመለከት ሁሉ ዋጋ የተቆረጠለት ሸቀጥ ብቻ ያያል። አብዛኛውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት ሴት ሟች እናቷ በእንዝርት የፈተሉትን ልቃቂት ለሸማኔ ሰጥታ ጋቢ እንዲሠራላት ተዋዋለች፤ የእጁንም ዋጋ ከፈለች። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ማጉ የእናቷ ፈትል ነው። ጋቢው ካለቀ በኋላ ሸማኔው የተሻለ ገዢ አግኝቶ «ገንዘብሽን ከነካሣው ውሰጂ» ቢላት፣ ፍትሕ ተፈጸመ ይባላልን?

ብዙዎቻችን «ታዲያ ምን ጎደለባት?» እንላለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን እንዲህ አይቸኩልም። በቁጥር 1776 እንደ ተደነገገው፣ ጠያቂው በነገሩ ልዩ ጥቅም ያለው ከሆነና የባለዕዳው የግል ነፃነት ሳይነካ መፈጸም ከተቻለ፣ ዳኛው ውሉ ራሱ እንዲፈጸም ሊያዝ ይችላል። የእናት እጅ ያረፈበት ፈትል ልዩ ጥቅም ካልተባለ ምን ይባላል? ክርክሩ ሳያልቅ ጋቢው እንዳይሸጥም የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በቁጥር 154 የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። በመጽሐፈ ነገሥት ናቡቴ በወይን ቦታው ፈንታ የተሻለ ወይን ወይም ብር ሲቀርብለት እምቢ ያለው ዋጋው ስላነሰው አልነበረም፤ የአባቶቹ ርስት ስለ ነበረ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን እንለውጠው። ሸማኔው ገና ድሩን ሳይዘረጋ «አልሠራም» አለ እንበል። ዳኛው ፖሊስ አቁሞ መወርወሪያውን ሊያስጨብጠው ይችላልን? አይችልም። ፈትሉን እንዲመልስ ያዝዘዋል፤ በቁጥር 1777 መሠረትም ጋቢውን በእርሱ ኪሣራ በሌላ ሸማኔ እንድታሠራ ሊፈቅድላት ይችላል።

አንዳንዶች ይህን የሕግ ድካም ይሉታል። እኔ ግን የቀድሞውን ቁራኝነት አስታውሳለሁ። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ባለዕዳም ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። የታሰረው ባለዕዳ ብቻ አልነበረም፤ ፍትሕ የጠየቀውም አብሮ ታስሮ ይውላል። ሕጉ በሸማኔው እጅ ፊት ሲቆም፣ ሴቲቱንም ከዚያ ሰንሰለት ያድናታል።

ሆኖም የሸማኔው ዕዳ በዚህ አበቃ ለማለት እቸገራለሁ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ መመለስ ሲያስተምር፣ እኩያውን መመለስ ባይቻል የሚቻለውን ያህል መመለስ ይገባል ይላል። ለዚህ ሸማኔ የሚቻለው የገዛ እጁ ሥራ አይደለምን? ፍርድ ቤት ይህን አይጠይቀውም። የሰፈር ሽማግሌ ግን ይጠይቀዋል፤ እርሱም «አዎን» ወይም «አይሆንም» ለማለት ነፃ ሆኖ ልቃቂቱን በእጁ እንደ ያዘ ይመልሳል።