በፍቅር ብቻ ለሚሥል ሰው ያለብን ዕዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንጅባራ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ጸሎት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ወጣት የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በነጠላ የተጠቀለለ ሥዕል ይዞ ወደ እኔ መጣ። እመቤታችንን ሥሎ ነበር። እኔ ወደ ሌላ መንደር ለመሄድ እቸኩል ነበርና ጨርቁን ገለጥ አድርጌ፣ «ግሩም ነው ልጄ፤ እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ግድግዳው ላይ ስቀለው» ብዬው ሄድሁ። ዓይኔ በሥዕሉ ላይ አርፎ ነበር፤ አየሁት ለማለት ግን አልደፍርም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚያች «ግሩም ነው» ስላልኋት ቃል ነው።

ወጣቱ በሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አላለፈም። የሚተዳደረው በእርሻና በከሰል ነው። በአዊ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማና በባንጃ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር በማሳው ተክሎ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል እንደሚያወጣ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እርሱም መሣል የጀመረው ለገበያ በማይሆን ስባሪ ከሰል፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ነበር። ቆይቶ ቀለም አማረው። ቀዩን አፈር ወንፍቶ በእንቁላል አስኳል በጠበጠው፤ አወፍሮ ሲቀባው ተሰነጣጠቀ፤ አቅጥኖ ሲቀባው ያዘለት። ነጩን ከአመድ ለማውጣት ሞክሮ ግራጫ ሆነበትና ወደ ኖራ ዞረ። ሰማያዊን ከምድር ስላላገኘ የእስክርቢቶ ቀለም አሟሟ። ብሩሹ ከፈረስ ጭራ የተወሰደ ጸጉር በቀርከሃ ስንጥር ጫፍ ታስሮ የተሠራ ነው። ምን ከምን እንደ ቀላቀለና የትኛው እንደ ከሸፈ በአንድ የተማሪ ደብተር መዝግቦታል። ደብተሩን በኋላ አይቸዋለሁ፤ ከተሳካው ይልቅ የከሸፈው ይበዛል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሣለው ፈረስን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ላይ፣ ፈረሶቹ በልዩ ልዩ ቀለማት ባጌጠ ኮርቻና ልጓም ተሸልመው ሲጋልቡ ያላየ የአዊ ልጅ ማን አለ? የዚህ ወጣት ፈረሶች በእውነት ይሮጣሉ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያያቸው ኖሯልና ከማንም ሥዕል መገልበጥ አላስፈለገውም።

ወደ እመቤታችን ሥዕል ልመለስ። ሥዕሉ በተሰቀለ በሁለተኛው እሑድ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወደ እኔ መጥተው፣ «አባ፣ እመቤታችንን በአንድ ዓይን! ምን በደለች?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ሥዕሉ ከምድጃ አጠገብ ጎንበስ ብላ እሳት የምታነድ ሴት በጎን ያሳያል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ጻድቃንና ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣን፣ ይሁዳና ቅዱሳንን የሚያሠቃዩ ወታደሮች ናቸው። ማንበብ ያልተማሩ እናት ይህን ፊደል ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያነቡታል። እኔ ምን አደረግሁ? ሥዕሉን በዚያው ሳምንት አውርጄ ዕቃ ቤት አስቀመጥሁት፤ ለሠዓሊው ግን ምንም አልነገርሁትም። ሁለት በደል ፈጸምሁ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ይወቅሳል፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ይከፋል ባይ ነኝ።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሙያው ሳይሆን፣ ገንዘብም ሳይፈልግ፣ በፍቅር ብቻ አንድ ሥራ ሠርቶ ያመጣን ሰው በምን ሚዛን ልንመዝነው ይገባናል? በፍቅሩ ወይስ በሥራው?

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ፣ ሠሪ በሠሪነቱ የሚመሰገነው ሥራውን በሠራበት ፈቃድ ሳይሆን ሠርቶ ባወጣው ሥራ ጥራት ነው ብሎ ያስተምራል። ልበ ቅን አናጢ የሠራው ጠማማ ወንበር ያው ጠማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌም፣ ቤተ ክርስቲያን የእኔ ብቻ የምትለው አንድ የሥዕል ስልት እንደሌላት ከተናገረ በኋላ፣ እምነትን የሚቃረን ብቻ ሳይሆን በጥበብ ጉድለቱ የምእመናንን መንፈስ የሚያውክ ሥራም ከቤተ እግዚአብሔር እንዲወገድ ያዝዛል። በሌላው ወገን ደግሞ በቅዱስ ወንጌል ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ትቆማለች። ጌታችን ከሁሉ አብልጣ ሰጠች ብሎ መሰከረላት። እንግዲህ የልጁ ሥዕል ሁለት ሳንቲም ከሆነ፣ ማን ነኝ እኔ የምከለክለው?

ብዙ ጊዜ በዚህ ነገር ተቸግሬ ቆይቻለሁ። በመጨረሻ የተረዳሁት፣ የመበለቲቱን ስጦታ የመዘነው ልብን የሚያይ እርሱ እንደ ነበረ ነው። እኔ ልብን አላይም፤ ማየት የምችለው ሥዕሉን ነው። ፍቅሩን መመዘን የእግዚአብሔር ድርሻ ሲሆን፣ ሥራውን በትዕግሥት ተመልክቶ ያዩትን መናገር የወንድም ድርሻ ነው። በዚያች ዕለት የእግዚአብሔርን ሚዛን ለራሴ ወስጄ የራሴን ሚዛን ጣልሁ። «ግሩም ነው» ማለቴ ደግነት አልነበረም፤ ለማየት ይወስድብኝ የነበረውን ሩብ ሰዓት መሰሰት ነበር።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት አልገባህ ብሎት ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ለመውጣት ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ስትወጣ አየ፤ ከዚያም ተመልሶ የአገራችን የዜማ አባት ለመሆን በቃ። ይህን ታሪክ ለልጆች ስንተርክ ስለ ትሏ ጽናት እንናገራለን። እኔ ግን ሌላ ነገር ያሳስበኛል። አንድ ርኅሩኅ መንገደኛ ከሦስተኛው ውድቀት በኋላ ትሏን በጣቱ አንሥቶ ከዛፉ ጫፍ ቢያስቀምጣት ኖሮስ? ትሏ ፍሬውን በበላች ነበር፤ ያሬድ ግን ምን ባየ ነበር? እኔ ያን መንገደኛ ሆንሁ።

«አማተር» የሚለው የውጭ ቃል በእኛ ዘንድ ያልበሰለ ሥራን ለመንቀፍ የሚወረወር ሆኗል። በዘርአ ክህነት የተማርነው ላቲን ግን የቃሉ ሥር «አፍቃሪ» ማለት መሆኑን ያስታውሰናል። ያፈቀረ ሰው ስለሚያፈቅረው ነገር እውነቱን መስማት ይችላል። እንዲያውም ይራበዋል።

አንዳንዶች የድሃ ሰው ጊዜ ለዚህ ነገር ይባክናልን ይላሉ። ልጆች እየተራቡ ከሆነ ትክክል ናቸው። ካልሆነ ግን፣ ሽቱው ለሦስት መቶ ዲናር ለምን አልተሸጠም ያለው ማን እንደ ነበር እናስታውስ። ደግሞም አፈቀርሁ ያለ ሁሉ ሥራውን ጥሎ መውጣት የለበትም። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታም የጀመሩትን የእርሻ ትምህርት ትተው ወደ ሥዕል ሄደዋል። የእነርሱ ጥሪ ያ ነበር። በዚሁ በጎጃም ግን አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሥዕልን ከታሪክ ጸሐፊነት ጋር አዋሕደው ኖረዋል።

ገብረ ክርስቶስን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የብራና ሥዕል ሠሪ ነበሩ። ልጃቸው «ጎልጎታ» የተባለውን በቀይ ቀለም የተዋጠ ስቅለት ሲሥሉ ከአባታቸው ሥርዓት ርቀው ሄደዋል፤ የራቁት ግን ከማያውቁት ነገር አልነበረም። ሥዕሉም የቀረበው ለዐውደ ርእይ እንጂ ለመቅደስ ግድግዳ አልነበረም። ሰው በደብተሩ ላይ የፈለገውን ይሞክር፤ በቤተ ጸሎት ግድግዳ ላይ ሲሰቅል ግን በሌሎች ቋንቋ መናገሩን ማወቅ አለበት። ወጣቱ ይህን ሥርዓት አያውቅም ብዬ ደመደምሁ፤ ላስተምረውም ወደ ቤቱ ሄድሁ።

አስቀድሜ ሥዕሉን በድብቅ በማውረዴ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያም ስለ አንድ ዓይንና ስለ ሁለት ዓይን ማብራራት ስጀምር በትዕግሥት ሰማኝና፣ «አውቀዋለሁ አባ» አለኝ። «ሴትየዋ እናቴ ናቸው። በትራኮማ ምክንያት ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። ሁለቱንም ብሥል ወይ የታመመውን ለሰው ማሳየት፣ ወይ ያልነበረ ዓይን መዋሸት ሆነብኝ። በጤነኛው በኩል ሣልኋቸው።»

ምን ልበል? ብጠይቀው ኖሮ በዚያች በመጀመሪያዪቱ እሑድ ይነግረኝ ነበር።

ሥዕሉ ወደ ቤተ ጸሎቱ አልተመለሰም፤ እርሱም አልጠየቀም። በተከታዩ ሳምንት ግን ያን ቅሬታ ያቀረቡትን እናት ይዣቸው ወደ ቤቱ ሄድን። ታሪኩን ነገርናቸው። ሥዕሉን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ አዩት፤ ስለ ዓይኑ ምንም አላሉም። በኋላ በጣታቸው እያመለከቱ፣ «እጇ ልክ አይደለም፤ እሳት የምታነድ ሴት መዳፏን ወደ ነበልባሉ አታዞርም፤ ይለበልባታላ» አሉት። ወጣቱ ከምድጃው ስባሪ ከሰል አንሥቶ፣ «እስቲ እጅዎን እንደዚያ አድርገው ያሳዩኝ» አላቸው።